የጎንደር ታሪክ ከግንቡ ውጭ፦ «ጤዛ» ዛሬም ለምን ይታያል?

ጎንደር ታሪክ ተቸግራ አታውቅም። አፄ ፋሲል ከቆረቆሯት አራት መቶ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የግንቡ እድሳት መነጋገሪያ ሆኗል፤ ጎርጎራ በኩልም ጣና ዳር በ«ገበታ ለሀገር» ሪዞርት ተሠርቷል። እንግዳ መጥቶ አስጎብኝ ቢቀጥር ከፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ ያለውን አንድም ሳይስት ይነግረዋል።

ያው አስጎብኝ ስለ 1969 ዓ.ም.፣ ስለ ቀይ ሽብሩ ዘመን ቢጠየቅስ? ነገሩ ይቀየራል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወይም «ያ እንኳን ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የነገሥታቱ ታሪክ አደባባይ ላይ አለ። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ታሪክ ግን ቤት ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ነገር ጎንደር ላይ ብዙ ፈጅቷል።

የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት እንኳ ዛሬም መነሳት ያለበት ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ሰው የራሱን ትዝታ ይዞ ወደ አገር ታሪክ እንዴት እንደሚገባ፣ ሁለቱ ሲጋጩም ምን እንደሚፈጠር እንዲህ አድርጎ ያሳየ የአማርኛ ፊልም አላውቅም።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንበርብር የሚባል ሰው በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ሐኪም ነው፤ ጀርመን ተምሯል። አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣውም በቅጡ አያስታውስም። ሌሊት ይባንናል፣ ይጮኻል። እናቱ ጸበል ያስጠምቁታል። መንደርተኛው «ፈረንጅ አገር ሄዶ አብዶ መጣ» ይላል። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ትዝታውን እየቆራረሰ ይሰጠናል። አንዴ የ60ዎቹ የጀርመን ተማሪዎች ክርክር ውስጥ ነን። አንዴ አዲስ አበባ በደርግ ዘመን፣ ጓደኛው በደቦ ሲገደል እናያለን። አንዴ ምሥራቅ ጀርመን፣ የበርሊን ግንብ ፈርሶ ዘረኞች አደባባይ በወጡበት ሰሞን ነን። መሃል መሃሉን እንደገና መንደሩ ይመጣል። እዚያም ወታደሮች ለአፈሳ ሲመጡ ልጆች ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

ፊልሙ 140 ደቂቃ ይረዝማል። ያዩት ብዙ ሰዎች የሚያነሱት አቤቱታ አንድ ነው፦ «ግራ ያጋባል። መቼ ላይ እንዳለን አይታወቅም»። አቤቱታው እውነት ነው። ግን ግራ መጋባቱ የፊልሙ ሥራ ነው እንጂ ስህተት አይደለም።

ለምን? ታሪክን በመማሪያ መጽሐፍ ስናነብ ቅደም ተከተል አለው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብር ሆነ፣ ደርግ ወደቀ። የደረሰበት ሰው ግን እንዲህ አያስታውስም። በር በኃይል ሲንኳኳ የሰማ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላም በር ሲንኳኳ ያው ሌሊት ይመለስበታል። «ያኔ» እና «አሁን» ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንበርብርን ዳይሬክተሩ ትዝታው የጠፋበት ሰው ያደረገው ለዚህ ነው። እሱ ሲያስታውስ ነው እኛም የምናውቀው። ቀድመን የምናውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ታሪኩን ከላይ ሆነን አንመለከተውም፤ ውስጡ ሆነን እንደናበራለን።

አንዳንድ ሰው ይህን አተራረክ «የፈረንጅ አርት ፊልም አካሄድ» ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎንደር ገጠር ለቅሶ የደረሰ ሰው አልቃሿ እንዴት እንደምታወርድ ያውቃል። ከሟቹ ልጅነት ትነሳለች። ሳትጨርስ ወደ አባቱ ጀግንነት ትዘላለች። ከአባቱ ወደ ዘመኑ፣ ከዘመኑ ወደ አገሩ ትሄዳለች። ደግሞ ተመልሳ የሟቹን ጫማ፣ የሟቹን በሬ ትጠራለች። ማንም «ቅደም ተከተሉ ጠፋብኝ» ብሎ አያቋርጣትም። ለቀስተኛው የሚከተለው ጊዜውን ሳይሆን ስሜቱን ነው። «ጤዛ» የተሠራው በሙሾ ሥርዓት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሙሾ የአንድን ሰው ሞት ከአገር ጋር ሲያስተሳስር የኖረ ጥበብ ነው። ፊልም ከመምጣቱ በፊት እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው እሱ ነበር።

ዳይሬክተሩ ጎንደር መወለዱም እንዲያው በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። ኃይሌ የተወለደው በ1938 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። አባቱ ቴአትር እየጻፉ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። አያቱ ደግሞ እሳት ዳር ተረት የሚነግሩ ሴት ነበሩ። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ሁለቱን ደጋግሞ ያነሳቸዋል።

ሌላም የሚያነሳው ነገር አለ፤ ሲኒማ ቤቱን። በልጅነታቸው የታርዛን ፊልም ሲያዩ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሾልከው ሲመጡበት «መጡብህ!» እያሉ ለታርዛን ይጮኹለት እንደነበር ተናግሯል። የጎንደር ልጆች የራሳቸውን ወገን ለፈረንጁ ሲጠቁሙ ይታያችሁ። ፒያሳ ያለውን የጣሊያን ዘመን የሲኒማ ሕንፃ አሻግሬ ባየሁ ቁጥር ይህች ታሪክ ትመጣብኛለች። አዳራሹን የሠራው ሌላ፣ ፊልሙን የሠራው ሌላ። የኛ ድርሻ መጮኽ ብቻ ነበር።

ልጁ አድጎ በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካ ሄደ። ቴአትር፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። በ1966 ዓ.ም.፣ የንጉሡ ዘመን ሊያከትም ሲል መጥቶ ስለ ጭሰኞች ኑሮ በጥቁርና ነጭ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ቀጥሎ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ። በየካቲት 2001 ዓ.ም. ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ። ሽልማቱን እዚህ ላይ ልተወው። ጎንደሬን የሚመለከተው ሌላው ጉዳይ ይበልጣል።

ጉዳዩ የቀን ጉዳይ ነው። የአገር ታሪክና የቤት ታሪክ ቀናቸው አይገጥምም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል ቀን እናከብራለን። ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ጎንደር ግን በዚያ ቀን ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያን ጦር በጄኔራል ናሲ አዛዥነት እዚህ ተራራው ውስጥ መሽጎ ቆየ። እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህም ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። አገር «ነፃ ወጣን» እያለ ሲጨፍር የጎንደር አርበኛ ገና ምሽግ ስር ይሞት ነበር። በዚያ ክረምት ባሏን ያጣች ሴት ሚያዝያ 27ን እንዴት አድርጋ የድል ቀን ትበለው?

ሌላም አለ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ ፍጻሜ ተብሎ ለዓመታት ተከብሯል። ጎንደር ከደርግ እጅ የወጣችው ከዚያ ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ ነው። እዚህ ያለ ቤተሰብ «ደርግ የወደቀ ጊዜ» ሲል የራሱ ቀን፣ የራሱ ፍርሃት፣ የራሱ ተኩስ አለው። የአዲስ አበባው ቀን የአገሪቱ ቀን ሆነ፤ የጎንደሩ ቀን እናት ልጇን ስትመክር ብቻ የሚነሳ ሆነ።

«ጤዛ» ይህን ክፍተት ያውቀዋል። መንደሩ ካለበት በላይ ኮረብታ ላይ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ሐውልት አለ። ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። ማንም ቆሞ ስለ ሐውልቱ ንግግር አያደርግም። እንዲሁ አለ፤ ከመንደሩ ኑሮ በላይ ተገትሮ። የአባቶች ጦርነት፣ የልጆች ጨዋታና የሰሞኑ አፈሳ በአንድ እይታ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ለማስረዳት የታሪክ መጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ ይፈልጋል። ካሜራው ባንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

አፈሳውም እንደዚያው ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. በአዋጅ ታወጀ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያቆማል። ቤቱ ግን ልጁን ገብስ ክምር ውስጥ የደበቀ አባት፣ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ የቀረ ተማሪ፣ ደብዳቤው አንዴ ከአሥመራ መጥቶ የቀረ ወንድም ነው የሚያስታውሰው። በፊልሙ ውስጥ እናቶች ከወታደሮች ጋር ሲተናነቁ የሚታይበት ትዕይንት አለ። እኔ ሙዚየም ውስጥ ስለዚያ ጦርነት ካነበብኩት ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

ጎንደር በአፏ ያስቀመጠችው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ገዥ መላኩ ተፈራ ነበር። በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ክስ ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው ነው። ስለሱ የተባለውን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፦

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ዳግመኛ አልወልድም።

ሁለት መስመር ነው። ማን እንዳወረደችው አይታወቅም። ግን ተመልከቱ ምን እንደሠራ። የአንዲት እናት ልመና ነው፤ ስለ አንድ ልጅ ነው። እዚያው ላይ ግን ሥልጣን ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ሰው ከማን ምሕረት ይለምን እንደነበር ይናገራል። «አልወልድም» ስትል ደግሞ ከተማው ውስጥ የተስፋ ልክ የት እንደወረደ ይገባሃል። የግል ትዝታና የአገር ታሪክ ሳይነጣጠሉ ሲነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ያቺን እናት የሚያህል ስክሪፕት ጸሐፊ ከየት ይመጣል?

ችግሩ ግጥሟ ቀረች፣ ቤቶቹ ዝም አሉ። አንድ የማውቀው ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ የፎቶ ቤት ፎቶ ተሰቅሏል። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቦላሌ ሱሪ ለብሶ፣ አንድ እጁን ወንበር መደገፊያ ላይ አድርጎ ቆሟል። ከኋላው የተሳለ ፏፏቴ አለ። መስታወቱ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። የቤቱ ልጆች «አጎታችን ነው» ይላሉ። ስሙን ያውቃሉ። ደርግን ይታገል የነበረው የኢሕአፓ ይሁን የሌላ፣ የት ይቀበር፣ ማን ይጠቁመው አያውቁም። ፎቶውን በየፋሲካው ያራግፉታል፤ ጥያቄውን ግን አንስተውት አያውቁም። ለምን አትጠይቁም ስላቸው መልሳቸው «እማማ ታለቅሳለች» ነው።

እማማ ደግሞ ያለቀሱት ዛሬ አይደለም። ጠያቂ ሲያገኙ ቡና እየቀዱ ያወራሉ። አወራራቸው ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ስለ ልጁ ሸሚዝ ይጀምሩና የዚያን ዓመት የጤፍ ዋጋ ያነሳሉ፤ ቀጥለው የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ ከሱ አልፈው ጥምቀት ላይ የዘነበውን ዝናብ። ጋዜጠኛ ቢሰማቸው «እማማ፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ» ይላቸው ነበር። ለሳቸው ጉዳዩ ግን ያው ነው፤ ሸሚዙም፣ ጤፉም፣ ዝናቡም። ሰው ከነዘመኑ የሚታወሰው እንደዚህ ነው።

ፊልሙን ሳመሰግን ግን ጭፍን አልሁን። «ጤዛ» የሚደክምበት ቦታ አለው። የጀርመኑ ክፍል ላይ ገጸ ባሕርያቱ ይሰብካሉ። ተማሪዎቹ ሲከራከሩ መፈክር ከመፈክር ጋር ሲላተም ነው የምንሰማው። ያ ትውልድ እንዲያ ያወራ ነበር ሊባል ይችላል፤ ልክ ነው። ግን ተመልካች ግማሽ ሰዓት ስብሰባ እንዲቀመጥ አይገደድም። ዳይሬክተሩ ራሱ የዚያ ትውልድ ልጅ ስለሆነ ለጓደኞቹ ሳስቶላቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፊልሙን የሚሸከሙት ሴቶቹ ናቸው። እናትየው ብዙ አይናገሩም። ልጃቸውን ግን ሳይጠይቁት ያውቁታል። አዛኑ ደግሞ አለች፤ መንደሩ ያገለላት ሴት። እሷም እንደ አንበርብር የማይነገር ነገር ተሸክማለች። እሱ የአገሩን ታሪክ ተሸክሞ መንደሩ አብዷል ይለዋል። እሷ የራሷን ኃጢአት ተሸክማ መንደሩ ይጸየፋታል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ፊልሙ መስበክ ያቆምና መናገር ይጀምራል። ታሪክ ሠሪ ነን ያሉት ወንዶች ወድቀው ሲቀሩ ቤቱን የሚያቆየው ማን እንደሆነ እነዚህ ሁለት ሴቶች ያሳያሉ። ከጀርመኑ ክርክር ሁሉ የአዛኑ ዝምታ ይበልጥብኛል።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ታዲያ ለምን አይበዛም? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገንዘብ። ኃይሌ ለዚህ ፊልም ገንዘብ ሲያፈላልግ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዓለም የሚያውቀው ዳይሬክተር እንዲህ ከሆነ ጎንደር ያለ ጀማሪማ ምን ይሁን? የአማርኛ ፊልም ገበያ ለረጅም ጊዜ የቆመው በፍቅር ኮሜዲ ነው። አሁን ደግሞ ሥራው ወደ ዩቲዩብ ተከታታይ ድራማ ሄዷል። እዚያ በሳምንት አንድ ክፍል ካልለቀቅክ ተመልካች ይሸሻል። ትዝታ በሳምንት አይደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት ከገንዘቡ ይከብዳል። ጎረቤት ነው።

ጎንደር ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰው ይተዋወቃል። ያኔ ልጁ የተገደለበት አባትና ያኔ ጠመንጃ ይዞ ይዞር የነበረ አብዮት ጠባቂ በአንድ እድር ውስጥ ቆይተዋል። ልጆቻቸው አብረው ተምረዋል፤ አንዳንዶቹ ተጋብተዋል። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ ወንድም ኢዲዩ (ደርግን በጦር የተዋጋ ሌላ ድርጅት)፣ አንዱ ኢሕአፓ፣ አንዱ የደርግ ሚሊሺያ የነበረበት ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። እዚህ ካሜራ ይዞ «ማን አደረገው?» ብሎ መጠየቅ የእድር ድንኳን እንደ መቅደድ ነው። «ጤዛ» ይህን ያመለጠው ታሪኩን ልብ ወለድ በማድረግ ነው። አንበርብር የማንም አጎት አይደለም። ዛሬ በእውነተኛ ትዝታ ላይ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ግን ይህ መውጫ የለውም።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት ደግሞ አለ። አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. የምክክር ኮሚሽን አቋቁማለች። በ2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል፤ እውነትን ማፈላለግ ከምሰሶዎቹ አንዱ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክልሉ ራሱ ዛሬም ከተኩስ አልወጣም። የትናንቱ ሳይነገር የዛሬው ተደርቦበታል። ለኮሚሽን ቃሉን የሚሰጥ ሰው ቀን፣ ቦታ፣ ስም ይጠየቃል። እማማ የሚያስታውሱት ሸሚዙን ነው። ቅጹ ላይ ለሸሚዝ የሚሆን ቦታ የለም። ፊልም ውስጥ ግን አለ።

ጎንደር ላይ የሚያውቁኝ ፊልም ሠሪ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው አያቶቻቸውን መቅረጽ ጀምረዋል። ይህ ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ያስፈራኛል። ያየሁት ቅጂ ላይ አንዲት አሮጊት የጠቋሚውን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ። የቀረጸው ልጅ «ይቆረጥ ወይስ ይተው?» ብሎ ጠየቀኝ። የኔ መልስ ይህ ነበር። ቅጂውን ሳትነካ በሦስት ቦታ አስቀምጥ፤ ለሕዝብ በምታሳየው ላይ ግን የሟቹን ስም ደጋግመህ አሰማ፣ የጠቋሚውን ድምፅ አጥፋው። ለሰውየው አዝኜ አይደለም። ስሙ አንዴ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ስለ ሟቹ የሚያወራ አይኖርም፤ ሁሉም ስለ ሰውየው ዘር ነው የሚያወራው። አያትየውንም ነገ እዚያው ሰፈር ማንም አይጠብቃቸውም። ልጁ አልተስማማም። «እሳቸው እኮ አርባ ምናምን ዓመት ጠብቀው ነው የተናገሩት፣ እኔ ማን ሆኜ ነው አፋቸውን የምይዘው?» አለኝ። እንግዲያው እሳቸውን ጠይቃቸው፣ ፊልሙን መጀመሪያ ለሳቸው አሳይና ይወስኑ ብዬዋለሁ።